የሰርቨር ክፍሉ አባ ሄሬጋ

ስልኬ ሲጮህ የጋሽ ጂሎን ስም አይቼ በደስታ ነው ያነሳሁት። "ጋሼ፣ ተነሳልን! እንዳሉኝ አደረግኩ፣ ተነሳልን" አልኩ፣ ሰላምታ እንኳ ሳልሰጥ። ተነሳ ያልኩት የኮሌጃችንን ሰርቨር ነው፤ የተማሪው ሁሉ ምዝገባና ውጤት ያለበትን ኮምፒውተር። በወዲያኛው በኩል ያለው ሰው ግን እሳቸው አልነበሩም። ጉዮ የሚባለው ታናሽ ወንድማቸው ቀስ ብሎ "አስቴር፣ ወንድሜ አረፈ" አለኝ። ከሐዋሳ ሆስፒታል ነው የደወለው፣ በእሳቸው ስልክ።

ጋሽ ጂሎ መሞታቸውን ሰው የነገረኝ እንግዲህ እኔ ስለ ኮምፒውተር እየጮህኩ ሳለ ነው። የዚያን ቀን አፈር ብበላ ይሻለኝ ነበር። ለጉዮ ምን እንደመለስኩለት ዛሬም አላስታውስም፤ "ተነሳልን" ያልኩት ግን ቃል በቃል ጆሮዬ ላይ አለ።

እኔ ነገሌ ተወልጄ ያደግኩ የወታደር ልጅ ነኝ። አባቴ በውትድርና ከጎጃም መጥቶ ካምፑ አጠገብ ቤት ቀልሶ ቀረ። ኮሌጁ የኮምፒውተር መምህርት አድርጎ ሲቀጥረኝ የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ጂሎ ነበሩ። የዱብሉቅ ቦረና ናቸው፤ መጀመሪያ ተልተሌ ሒሳብ አስተምረዋል፣ ከዚያ አዲስ አበባ ሄደው ኮምፒውተር ተምረው ተመለሱ። ረዥም፣ ቀጭን ሰው ነበሩ። መፋቂያ ከአፋቸው አይጠፋም፤ ሲያስቡ ወደ ግራ ጉንጫቸው፣ ሲናደዱ ወደ ቀኝ ያዞሩታል። እኛም ቢሯቸው ስንገባ በመጀመሪያ የምናየው መፋቂያው በየት በኩል እንዳለ ነበር።

ትሑት ሰው ነበሩ ብዬ ልዋሽ አልችልም። የሚያውቁትን ያውቃሉ፣ ማወቃቸውንም ያውቃሉ። አንድ መምህር በስብሰባ ላይ ስለ ኔትወርክ ሲያወራ አቋርጠውት "ዲሲ፣ ተወው፤ ይኼን ለተማሪ እንዳትነግርብኝ" ብለውት ያውቃሉ። ሰላምታ ላይ ግን ሌላ ሰው ነበሩ። ቦረና ነገር የሚጀምረው ሰላምታው ካለቀ በኋላ ነው። "አካም፣ ያ ኢንተላ? ናጋ? እናትሽ ናጋ? ጉልበቷስ? ቤቱ ናጋ? በእናንተ በኩል ዘነበ?" ይሉኛል፤ እንዴት ነሽ ልጄ፣ ሰላም ነው ወይ ማለታቸው ነው። ለእያንዳንዱ መመለስ፣ ከዚያ ደግሞ በተራ እሳቸውን መጠየቅ ያስፈልጋል። ቤት እየፈረሰ ቢሆን እንኳ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ። እኔ ደግሞ ችኩል ነኝ። "ሁሉም ናጋ ነው ጋሼ" ብዬ በአንድ ጊዜ ጠቅልዬ እገላገላቸው ነበር።

ሰርቨር ክፍሉ ከመምህራን ማረፊያ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ነበረች። የነገሌ ቀይ አቧራ የማይገባበት ቀዳዳ ስለሌለ ጫማ ሳያወልቁ መግባት ክልክል ነበር፤ ዲናችንም ቢሆኑ በካልሲ ነው የሚገቡት። እኔ ስቀጠር ሰርቨሩም እንደ ሌሎቹ በዊንዶውስ ነበር የሚሠራው። መምህሩ ሁሉ ፍላሹን ከኢንተርኔት ቤት ይዞ እየመጣ ይሰካበታል። አንድ ጊዜ የውጤት ሰሞን ስንከፍተው የተማሪዎቹ ፋይል በሙሉ ወደ ሾርትከት ተቀይሯል፤ ስትነካው የሚከፈት ነገር የለም። ቫይረስ ነው። መምህራኑ ውጤት እንደ አዲስ እስኪሞሉ ኮሌጁ ታመሰ።

ጋሽ ጂሎ ያን ጊዜ ነው ሰርቨሩን ወደ ሊኑክስ የቀየሩት። ለማያውቅ ሰው፣ ሁለቱም ኮምፒውተሩን ከሥር ሆነው የሚያንቀሳቅሱ ሲስተሞች ናቸው፤ ልዩነታቸው አመላቸው ላይ ነው። የእሳቸው ሊኑክስ ሥዕል የለው፣ መስኮት የለው፣ ማውዝ አይፈልግ፤ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ፊደል ብቻ። ዲኑ መጀመሪያ ያዩት ቀን "ተበላሽቷል እንዴ?" ብለው ጠየቁ። ጋሽ ጂሎ መፋቂያቸውን ወደ ቀኝ አዞሩ። ያ ኮምፒውተር ግን ሌላ ቦታ የማይፈለግ አሮጌ ሆኖ ሳለ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማንም ሳይነካው ራሱ ተነስቶ ሥራውን ይቀጥል ነበር። የፍላሽ ቫይረስ ምንም አላደረገውም። ለወራት አጥፍቶ ማብራት ሳያስፈልገን ሠራን።

ተማሪዎቹ በየዓመቱ "ጋሼ፣ ዊንዶውስ ይሻላል ሊኑክስ?" ብለው ይጠይቋቸዋል። መልሳቸው ያው ነበር። "ግመል ይሻላል ላም?" ይላሉ። ክፍሉ ለሁለት ይከፈልና ይንጫጫል፤ እሳቸው ዝም ብለው ያዳምጣሉ። ከዚያ "ለድርቅ ነው ለጥሎሽ? መጀመሪያ ለምን እንደምትፈልጋት ንገረኝ" ይላሉ። ልጆቹ ይስቃሉ። እኔ ይኼን ነገር ብዙ ጊዜ ስለሰማሁት ከኋላ ቆሜ ዓይኔን ወደ ጣሪያው አደርግ ነበር።

ራሳቸው ግን አንድ ጊዜ ረስተውት ነበር። ሊኑክስ በሰርቨሩ ላይ እንዲያ ሲያምርላቸው ልባቸው ቅቤ ጠጣና በአንድ ክረምት የቢሮዎቹን ኮምፒውተሮች በሙሉ ቀየሯቸው። ሥራ ሲጀመር የዲኑ ጸሐፊ እትዬ አልማዝ ወደ ዞን የሚላክ ደብዳቤ ከፈቱ፤ አማርኛው ግማሹ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኗል፣ መስመሩ ተዘበራርቋል፣ ፕሪንተሩ ደግሞ ጭራሽ አላውቃችሁም አለ። እትዬ አልማዝ ጋሽ ጂሎን አይፈሩም። "ጂሎ፣ እኔ ደብዳቤ ልጽፍ እንጂ ከዕቃ ጋር ልጣላ አይደለም የተቀጠርኩት" አሉ። ሁላችንም ጠብ ይነሳል ብለን ጠበቅን። ጋሽ ጂሎ ወንበር ሳቡና አጠገባቸው ተቀመጡ። እስከ ምሳ ሰዓት እትዬ አልማዝ ምን እንደሚያደርጉ፣ የቱን እንደሚነኩ፣ የት ላይ እንደሚቸገሩ ሲያዩ ዋሉ። በማግስቱ ዊንዶውሱን በገዛ እጃቸው መለሱት፣ በስብሰባም "ተሳስቻለሁ፤ ለእሷ የሚሻለው እጇ የለመደው ነው" አሉ። ኩራተኛ ሰው እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰርቨሩ በሊኑክስ፣ ቢሮው በዊንዶውስ ሆኖ ቀረ።

ከዲኑ ጋር ግን አልተስማሙም። የሊኑክስ ነገር፣ ሁሉን ማድረግ የሚያስችል አንድ የይለፍ ቃል አለው፤ ሌላው ሰው የተፈቀደለትን ብቻ ነው የሚነካው። ዲኑ ያን የይለፍ ቃል ፈለጉ። ኃላፊ ነኝና ይገባኛል አሉ። ጋሽ ጂሎ እምቢ አሉ። አባታቸው ዱብሉቅ ጉድጓድ ላይ አባ ሄሬጋ ነበሩ፤ ማለትም ከብቱ ውሃ የሚጠጣበትን ተራ የሚያዙት። እዚያ የጉድጓዱ ባለቤት እንኳ ከብቶቹን ከተራ ውጭ አያስገባም፤ ተራ ያዡ የሚለውን ይሰማል። "ውሃው የሁሉም ነው፣ ተራው ግን አንድ ሰው ጋ ይሁን። ሁለት ሰው ካዘዘ ከብት እርስ በርሱ ይረጋገጣል። አባቴ የጉድጓዱን ባለቤት አስቁሟል፣ እኔ እርስዎን ባስቆም ምን ይደንቃል?" አሏቸው። ዲኑ ቂም ያዙ። እኔም ከዚያ በኋላ ነው ከጀርባቸው አባ ሄሬጋ እያልኩ መጥራት የጀመርኩት፤ ስሙ ወጣላቸው፣ ሲሰሙት ደግሞ ደስ አላቸው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ጋሽ ጂሎ አንድ ሰው ብቻ ማወቁ ጥሩ እንዳልሆነ ያውቁ ነበር። "አባ ሄሬጋም ሲታመም የሚተካው አለው" እያሉ፣ ተተኪያቸው አድርገው የመረጡት እኔን ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሊኑክስ ሊያስተምሩኝ ቀጠሩኝ። ጥቂት ጊዜ ሄድኩ። ማውዝ ፈልጌ እጄ ጠረጴዛው ላይ ሲንከራተት ያዩና "አንቺ የማውዝ ልጅ" ይሉኛል፣ በሰው ፊት ሳይቀር። እኔ ደግሞ የወታደር ልጅ ነኝ፤ ስድብ ሲሆን እስቃለሁ፣ ቀልድ ሲሆን እቆጣለሁ። ጥቁሩ ስክሪንም አስጠላኝ። ዊንዶውስ ለማስተምረው ይበቃኛል፣ ሰርቨሩ የእሳቸው ጣጣ ነው አልኩ። አንድ ሐሙስ እናቴ ታመመች፣ ሌላ ሐሙስ ፈተና ማረም አለብኝ፣ ሌላ ሐሙስ ራሴን አመመኝ። እሳቸው ግን ጫማቸውን አውልቀው፣ ሁለተኛውን ወንበር ጠርገው ይጠብቁኝ ነበር። በመስኮቱ ሳልፍ ብዙ ጊዜ አይቻቸዋለሁ። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ አልፌያለሁ።

በመጨረሻው ዓመት መክሳት ጀመሩ። ቀበቷቸው አዲስ ቀዳዳ ተበሳለት። ሆዳቸውን ይዘው ግድግዳ ተደግፈው ሲቆሙ "ጋሼ፣ ምን ሆኑ?" ስላቸው "ናጋ ነኝ፣ ምግቡ ነው" ይሉኛል። የነገሌ ሐኪም ካያቸው በኋላ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐዋሳ ሄደው እንዲመረመሩ ጻፈላቸው። ፈቃድ ሊጠይቁ ዲኑ ቢሮ ሲገቡ እኔም ተጠራሁ። ምዝገባ ልንጀምር ነበር፤ ከተልተሌ፣ ከቦሬ፣ ከየትም ተማሪ የሚጎርፍበት ሰሞን።

ዲኑ ወደ እኔ ዞረው "እሳቸው ባይኖሩ ሰርቨሩን ይዘሽ ምዝገባውን ትወጪዋለሽ?" አሉኝ።

ጋሽ ጂሎ አላዩኝም፤ መስኮቱን ነበር የሚያዩት። "እወጣዋለሁ" ብል ያን ቀን ይሄዳሉ። "አልችልም" አልኩ። እውነቴን ነው፣ አልችልም ነበር። እነዚያ ሐሙሶች ሁሉ በአንዴ መጥተው አፌ ውስጥ ቆሙ። ዲኑ ትከሻቸውን ነቀነቁና "እንግዲህ ምዝገባው ይለፍ፣ ከዚያ ይሂዱ" አሉ። ጋሽ ጂሎ "ቶሌ፣ እሺ" ብለው ወጡ። በር ላይ ደርሼባቸው "ጋሼ ይቅርታ" ስላቸው "እውነት ነው የተናገርሽው፤ ውሸት ብትናገሪ ነበር የምቀየምሽ" አሉኝ። ቢቆጡኝ ምንኛ ደስ ባለኝ።

ምዝገባው እስኪያልቅ ሰርቨሩ አጠገብ ተቀምጠው ሠሩ። መቀመጥ ሲያቅታቸው ምንጣፉ ላይ ጋደም ብለው ያዝዙኛል፣ እኔ እነካለሁ። መቼም ያን ጊዜ የተማርኩትን ያህል በዕድሜዬ አልተማርኩም። ሊሄዱ ሲሉ ለዲኑ የከለከሉትን የይለፍ ቃል ለእኔ በጆሮዬ ነገሩኝ። ባለቤታቸው አዴ ቱሜ ዕቃ ይዘው አውቶብሱ ውስጥ ይጠብቋቸው ነበር። ያን ያህል መዘግየታቸው ሕይወታቸውን ይጨምር ይቀንስ እንደሆነ ሐኪም አልነገረኝም። እኔም እስከ ዛሬ ማንንም አልጠየቅኩም፤ መልሱን ስለምፈራው።

ሐዋሳ ከገቡ በኋላ በየቀኑ እደውልላቸው ነበር። አዎ፣ በየቀኑ። አንዱን ቀን ዲስኩ ሞላ፣ አንዱን ቀን የሬጅስትራር ኮምፒውተሮች ሰርቨሩን አላገኘነውም አሉ፣ አንዱን ቀን እኔ ራሴ የተሳሳተ ነገር ጽፌ ድንጋጤ ያዘኝ። ስልኩን ሲያነሱ ድምፃቸው ከሩቅ ነው የሚመጣው። እንደ ልማዳቸው ይጀምራሉ፣ "አካም ኢንተላ፣ ናጋ? የእናትሽ ጉልበት ተሻላት?"

"ናጋ ናት ጋሼ፤ አሁን የቱን ልጻፍ?"

እሳቸው "እኔም ደህና ነኝ። ዛሬ ተሽሎኛል፣ ትንሽ አጥሚት ጠጣሁ" ይላሉ። እኔ አልጠየቅኳቸውም። ሌላ ቀን ደግሞ "ሌሊቱን ተኛሁ፣ ሕመሙ ቀንሷል፣ አትጨነቂ" ይሉኛል። መድኃኒቱ አእምሯቸውን እያደነዘዘው ነው ብዬ አሰብኩ። ስለ ዲስክ ስጠይቃቸው ስለ አጥሚት ይመልሱልኛላ! ዲኑ በሩ ላይ ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ፣ እኔ "እሺ ጋሼ፣ እሺ፣ ትዕዛዙን ይንገሩኝ" እላለሁ። ይነግሩኛል፤ ፊደል በፊደል፣ ሳይሳሳቱ። ከዚያ "ለሁሉም ሰላም በይልኝ" ብለው ይዘጋሉ።

የመጨረሻው ቀን መብራት ደጋግሞ ሄዶ መጥቶ ሰርቨሩ ሳይነሳ ቀረ። ዲስኩ ተጎድቷል፣ መርምሪኝ የሚል ጽሑፍ አወጣ። ጠዋት ደወልኩላቸው። ድምፃቸው በጣም ደክሞ ነበር። "ኤፍ፣ ኤስ፣ ሲ፣ ኬ" አሉኝ፣ ዲስኩን የሚመረምረውን ትዕዛዝ፣ በየፊደሉ መካከል እየተነፈሱ። "ላስተካክል ወይ እያለ ይጠይቅሻል። ለሁሉም እሺ በይው። ይቆያል፣ ታግሠሽ ጠብቂ።" ከዚያ "ዛሬ በጣም ደህና ነኝ፤ ስለጠየቅሽኝ አመሰግናለሁ" ብለው ዘጉት። ምን አመሰገኑኝ ብዬ እንኳ አላሰብኩም። ቁጭ ብዬ ለኮምፒውተሩ እሺ እሺ ስል ዋልኩ፤ ሲመሽ ተነሳ። ያኔ ነው ጉዮ የደወለው።

ዱብሉቅ ለለቅሶ የሄድነው በአሬሮ በኩል ነው፤ እትዬ አልማዝ፣ ዲኑ፣ እኔና ሁለት መምህራን። ባለቤታቸው ያዩኛል፣ ባሌን ያስቀረሽብኝ አንቺ ነሽ ይሉኛል ብዬ ነበር የምፈራው። ይበሉኝ ብዬም ተመኝቼ ነበር፤ ተሰድቤ ትንሽ ቢቀልልኝ።

አዴ ቱሜ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጠዋል። ስሜን ሲሰሙ ብድግ ሊሉ ሞከሩ። "ነይ፣ እዚህ" ብለው ጎናቸው አስቀመጡኝ፣ እጄንም በሁለት እጃቸው ያዙ። ከዚያ ለተቀመጡት ሴቶች በኦሮምኛ ይነግሯቸው ጀመር። ሰፈር ውስጥ ያደግኩበት ቋንቋ ነውና አንድ ቃል አላመለጠኝም። "ያቺ የምነግራችሁ ልጅ ይቺ ናት" አሉ። "ከመሥሪያ ቤቱ ሰው ማንም አልደወለለትም። እሷ ግን አንድ ቀን አላስቀረችም። 'ማን ነው?' ስለው 'አስቴር ናት፣ በላህ ወይ እያለችኝ ነው' ይለኛል። 'እንዴት አደርክ እያለችኝ ነው፣ ሕመሙ ቀነሰ ወይ እያለችኝ ነው' ይለኛል። ሲመልስላት በጆሮዬ እሰማለሁ። አንዳንዴ ፊደል ይቆጥርላታል፤ 'እሱ ምንድን ነው?' ስለው 'እንዳይሰለቸኝ ብላ ሥራም ትጠይቀኛለች' አለኝ። ለእኛ ልጅ አልተሰጠንም። 'ልጅ ቢኖረኝ ከዚህ በላይ ይጠይቀኝ ነበር?' ብሎኛል።"

ጎኔ እትዬ አልማዝ ማልቀስ ጀመሩ። እኔ እንባም አልመጣልኝ። ለካ አጥሚት ጠጣሁ፣ ተኛሁ፣ ተሽሎኛል እያሉ እኔ ያልጠየቅኳቸውን ሁሉ የሚመልሱት ሚስታቸው እየሰሙ ስለነበር ነው። እኔ ላፍርበት ይገባ የነበረውን ነገር እሳቸው በሞት አልጋ ላይ ሆነው ሸፍነውልኝ ነበር፤ ሚስታቸውም ባላቸውን የሚጠይቅ ሰው እንዳለ አምነው እንዲጽናኑ አድርገዋል። "አዴ፣ እኔ እኮ የደወልኩት" ብዬ ጀምሬ ፊታቸውን አየሁ። ያን ሁሉ ቀን ባለቀሱበት ዓይን ላይ አንዲት የደስታ ነገር ነበረች፤ እሷም የእኔ ስልክ ናት። እሷን ደግሞ እንዴት አድርጌ ልውሰድባቸው? የጀመርኩትን ሳልጨርስ ተውኩት።

አዴ ቱሜ ግራ እጄን እንደያዙ፣ ቀኝ እጃቸውን ራሴ ላይ አኖሩና መረቁኝ። "ስትታመሚ የሚጠይቅሽ ሰው ዋቃ አያሳጣሽ" አሉኝ።

ሴቶቹ በሙሉ አሜን አሉልኝ። የእኔ አፍ አልታዘዘኝም።